ሳንሴቬሪያ ስሟን ስላጣችበት ምክንያት

በየሳሎኑ ማዕዘን በሸክላ ተተክላ የምናያት፥ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የቆመ፥ ዳር ዳሩ ብጫ የሆነ ተክል አለች። ትውልዷ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ለወገኗ ሳንሴቬሪያ የሚለውን ስም ያወጣው ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቱንበርግ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮጳ አቈጣጠር 1794 ነበር።

ድራሴና የምትባለው ደግሞ ግንድ አውጥታ ዛፍ እስከ መሆን ትደርሳለች፤ ከወገኗም አንዳንዶቹ በአገራችን ደን ይበቅላሉ። ታዲያ ግንድ የሌላት ተክል ከዛፍ ጋር አንድ ናት ቢሉን ማን ያምናል? ነገር ግን ሊቃውንት ከቅጠል ይልቅ አበባንና ፍሬን አጥብቀው ይመረምራሉ፤ የሁለቱም አበባ ባለ ስድስት ክፍል፥ ፍሬአቸውም ሥጋ ያለው ድቡልቡል ነው። ስለዚህ ዝምድናቸው አስቀድሞ ተጠርጥሮ ነበር። ጥርጣሬውን የቈረጠው በየሕዋሱ ውስጥ ያለው፥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው የዘር ምልክት ነው፤ ይኸው ሲመረመር ሳንሴቬሪያ ከድራሴና ዘር የወጣች አንዲት ቅርንጫፍ ሆና ተገኘች።

ለአንድ ወገን ሁለት ስም ሲገኝ ሕጉ ለቀደመው ያደላል፤ ድራሴና በ1767 ተሰይማ ነበርና ረታች። በ2017 የሳሎናችን ተክል ድራሴና ትሪፋሲያታ ተባለች፤ ትሪፋሲያታ የሚለው የግል ስሟ ግን አልተነካም። ይህ ፍርድ ለእኛ ትክክል መስሎ ይታየናል፤ የወገን ስም ለመልክ ሳይሆን ለዝምድና ሊመሰክር ይገባዋልና። አትክልት ሻጮች ግን እስከ ዛሬ በአሮጌው ስሟ መጥራትን አልተዉም።