ነጋሪትና አውጫጭኝ፤ የራዲዮ ውይይት ከአቃቂ እስከ ጎንደር

በጎንደር አደባባይ ነጋሪት ተጎስሞ ዐዋጅ በሚነገርበት ዘመን የዐዋጅ ነጋሪው መነሻ ቃል የታወቀ ነበር፤ ያልሰማ እንዲሰማ፣ የሰማም ላልሰማ እንዲያሰማ ያዝዛል። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ መስማትና ማሰማት እንጂ መመለስ የለም። በአንጻሩ በገጠሩ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሌላ ሥርዐት ነበር። በደል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይደረግ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። ግዴታ የተጫነበት ሥርዐት መሆኑ ባይካድም፣ መነሻ ሐሳቡ አንድ አካባቢ የሚያውቀው ነገር በብዙ ሰዎች ዘንድ ተበትኖ ይገኛል የሚል ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ ታሪክም ከነጋሪቱ ወደ አውጫጭኙ የሚደረግ፣ ገና ያላለቀ ጉዞ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የተሠራው የአቃቂ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ወረራ በተቃረበ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት ከዚሁ ጣቢያ ነበር። በየካቲት 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተመረቀ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ግን በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ራዲዮ የመምህሩ ረዳት ሆኖ አገልግሏል። ባለቤቱና ዓላማው እየተለዋወጠ ቢሄድም የነገሩ አቅጣጫ አልተለወጠም። አንዱ ይናገራል፤ ብዙው ያዳምጣል። ለአድማጩ የተተወለት የመልስ መንገድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ለወገራ ገበሬ ደግሞ ደብዳቤ ማለት ጸሐፊ መለመን፣ ከዚያም እስከ ፖስታ ቤት መጓዝ ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ይህንን አቅጣጫ ለመለወጥ የተጀመረው ጥረት ቀደም ያለ ነው። የቦሊቪያ የማዕድን ሠራተኞች የራሳቸውን ጣቢያዎች ያቋቋሙት ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን፣ በካናዳ ደግሞ ከ1941 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ገበሬዎች በየሰፈራቸው እየተሰበሰቡ ስለ እርሻ የሚተላለፈውን ዝግጅት ካዳመጡ በኋላ ተወያይተው የደረሱበትን ሐሳብ ወደ አዘጋጆቹ ይልኩ ነበር። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ራዲዮ ግልጽ ሕጋዊ ስፍራ የሰጠው በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 533 ነው። ዐዋጁ የብሮድካስት አገልግሎትን በሕዝባዊ፣ በንግድና በማኅበረሰብ ሲከፍል፣ የማኅበረሰቡ ጣቢያ ለትርፍ የማይሠራና ኅብረተሰቡ በዕቅዱና በአመራሩ የሚሳተፍበት እንዲሆን ደነገገ። ይህ ዐዋጅ በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1238 ቢተካም የማኅበረሰብ ራዲዮ ሕጋዊነቱ እንደተጠበቀ ቀጥሏል። በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የሞባይል ስልክ አገልግሎት ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር መዝለቁ ደግሞ ሕጉ የፈቀደውን ለመፈጸም መሣሪያ ሆነ።

በአማራ ክልል በዋግ ኽምራና በፍኖተ ሰላም የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። በጎንደርም የክልሉ መንግሥትና የፋና ኤፍ ኤም ጣቢያዎች እንዳሉ ሆነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ራዲዮ ባለቤት ሆኗል። ከተማይቱ ለውይይት የሚሆን ርእስ አታጣም። የአንገረብን ግድብ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የከተማው ሕዝብ ስለ ውሃ እጥረት ያማርራል፤ ግድቡን የሚሞላው ደለል ግን የሚመጣው ከላይ ካለው የገበሬው ማሳ ነው። ከተሜው የቧንቧውን መድረቅ ያውቃል፤ ገበሬው ደግሞ አፈሩ የታጠበው በየትኛው ክረምትና በየትኛው ተዳፋት እንደሆነ ያውቃል። መሐንዲሱ የሁለቱንም ቃል ሳይሰማ የሚሠራው ሥራ ጎደሎ ነው። በኪነ ጥበብም ረገድ ቢሆን፣ አዝማሪውና የአቋቋም መምህሩ ስለ ሙያቸው ቢጠየቁ ከሌላ ቦታ መጥቶ ስለ እነርሱ ከሚያወራው ሰው የበለጠ የሚሉት አላቸው።

ይሁን እንጂ የአገሩ አቀማመጥ ለኤፍ ኤም ራዲዮ የሚመች አይደለም። መካከለኛ ሞገድ የምድሩን ገጽ ተከትሎ ርቆ ይጓዛል። የሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኤፍ ኤም ሞገድ ግን በአመዛኙ ቀጥታ ስለሚሄድ ተራራ ሲያጋጥመው ከኋላው ጥላ ይጥላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከሰሜን ተራሮች ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከከተማው የሚነሣ ድምፅ በጃናሞራ ሸለቆዎችና ከሊማሊሞ ግርጌ ላሉ መንደሮች መድረሱ ያጠራጥራል። ኃይል መጨመር ብቻውን ጥላውን አያጠፋውም፤ መፍትሔው በየከፍታው ተቀባይ አስተላላፊ መሣሪያ መትከል ነው።

የመልሱ መንገድ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ደካማ ነው። የስልክ መስመር በሌለበት፣ ወይም የስልኩ ሂሳብ ለደዋዩ ከባድ በሆነበት ቦታ፣ ውይይቱ የከተሜዎች ብቻ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡ የመልሱ መንገድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዘጋ አሳይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማሠራጫው መናገሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ሳይታወቀው ወደ ነጋሪትነቱ ይመለሳል።

ስለሆነም የማኅበረሰብ ጣቢያን ሲያቅዱ የማሠራጫውን ኃይል በኪሎዋት መለካት አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። መቅረጸ ድምፅ ይዞ ወደ ደባርቅና ወደ በየዳ ለሚወጣ ባለሙያ የሚመደበው በቅሎና ቀን፣ በየቀበሌው የሚቋቋመው የአድማጮች ቡድን፣ ለደዋዩ ነጻ የሆነ የስልክ ቁጥር፣ በጣቢያው ቦርድም ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ጎን የሚቀመጠው ገበሬ ከአንቴናው እኩል በጀት ሊያዝላቸው ይገባል። በአውጫጭኙ ሜዳ የቀረ ሰው ይቀጣ ነበር። በራዲዮው ሜዳ ግን ሰው የሚቀረው መንገድ ስለሌለው ነውና፣ ዕዳው የሚወድቀው ጣቢያውን በሚተክሉት ላይ ነው።