የሮም ልጆች በፊልም ዘመን

ሮም ፊልም የሚሠሩ ሰዎችን ከየአገሩ ስትሰበስብ የኖረች ከተማ ናት። ፌዴሪኮ ፌሊኒ ከሪሚኒ፣ ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ ከፌራራ፣ ፒዬር ፓኦሎ ፓዞሊኒ ከቦሎኛ ወጥተው ስማቸውን ያስጠሩት በእርሷ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ግን በከተማይቱ ተወልደው፣ በሰፈሮቿ አድገው፣ በአነጋገሯ አፋቸውን ስለ ፈቱ ተዋንያንና የፊልም አዘጋጆች ነው። ሶፊያ ሎረን በ1934 በሮም ብትወለድም ያደገችው በናፖሊ አጠገብ፣ በፖትሱዎሊ ነውና ከእነርሱ ጋር አትቆጠርም። ዘመኑም፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

በ1905 አልዶ ፋብሪትሲ፣ በ1906 ሮቤርቶ ሮሴሊኒ፣ በ1908 አና ማኛኒ ተወለዱ። ፋብሪትሲ የካምፖ ዴ ፊዮሪ ገበያ ልጅ ነበር። አባቱ ጋሪ ነጂ ነበረ፤ እርሱ ልጅ ሳለ ሞተ። ልጁም ትምህርቱን ትቶ ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ ቤተሰቡን ረዳ፤ ኋላም በቧልት መድረክ ላይ ወጥቶ የገበያተኛውን፣ የትራም ተሳፋሪውን፣ የጎረቤቱን አነጋገር ለራሱ ለሕዝቡ መልሶ ያሰማው ጀመር። ማኛኒን ያሳደገቻት አያቷ ናት፤ እናቷ ልጇን ትታ ወደ ግብፅ፣ ወደ እስክንድርያ ሄዳ ነበርና። ትወና በሮም ተምራ በየምሽት ቤቱና በየቧልት መድረኩ እየዘፈነች ኖረች። ሮሴሊኒ ግን የባለጸጋ ልጅ ነው። አባቱ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ነበረና ሲኒማ ቤትም ሠርቶ ስለ ነበር ልጁ ያለ ክፍያ እየገባ ፊልም ሲያይ አደገ። ታናሽ ወንድሙ ሬንዞም የዜማ ደራሲ ሆኖ ኋላ ለወንድሙ ፊልሞች ሙዚቃ የጻፈ ነው።

ቤኒቶ ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ፊልምን የመንግሥቱ መሣሪያ ሊያደርገው ወደደ። በ1935 በሮም የፊልም ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ኤፕሪል 28 ቀን 1937 ከከተማው መሐል በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቱስኮላና መንገድ ዳር፣ ቺኔቺታ የተባለው ታላቅ ስቱዲዮ ተመረቀ። በዚህ መካከል የጣልያን ጦር በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ፤ በሚቀጥለው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። የሮም የፊልም ሰዎችም ወረራውን ለማወደስ ተሰለፉ። በ1895 በከተማይቱ የተወለደው ማሪዮ ካሜሪኒ በ1936 ስለዚሁ ጦርነት «ታላቁ ጥሪ» የሚባለውን ፊልም ሠራ። በ1938ም «ሉቻኖ ሴራ፣ አውሮፕላን አብራሪ» የተባለው ወጣ፤ ከፊሉ የተቀረጸው በተያዘችው ኢትዮጵያ ነው። አዘጋጁ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ በ1935 ማኛኒን ያገባ ሰው ነበር፤ ድርሰቱን ከጻፉት አንዱም ሮሴሊኒ ነው። ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበረ፤ እርሱ ራሱ በኢትዮጵያ ላይ ቦምብ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ነው።

ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸለመ። በፊልሙ ላይ አብራሪው ጀግና ሆኖ ተሣለ፤ አገሩን የሚከላከለው ኢትዮጵያዊ ግን በጠላትነት ብቻ ታየ። አውሮፕላኖቹ በሰውና በከብት፣ በወንዝና በእርሻ ላይ ያዘነቡት የመርዝ ጋዝ በፊልሙ የለም። የሮም የፊልም ታሪክ ያለዚህ ምዕራፍ ሙሉ አይሆንም። ሮሴሊኒ ከ1941 እስከ 1943 ባሉት ዓመታትም የፋሽስቱን መንግሥት ጦርነት የሚደግፉ ሦስት ፊልሞች አዘጋጀ።

በዚያው በጦርነቱ ወቅት ሌላ መንገድ በጸጥታ ተከፈተ። በ1889 በሮም የተወለደው ማሪዮ ቦናርድ በ1942 ፋብሪትሲን ከቧልት መድረክ አውርዶ በ«ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ» ፊልም ላይ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አደረገው። በ1943 ደግሞ በዚያ በተወለደበት ገበያ ስም በተሰየመው ፊልም ፋብሪትሲ ዓሣ ሻጭ፣ ማኛኒ ፍራፍሬ ሻጭ ሆኑ። የአለቆችና የወይዛዝርት ቋንቋ ይበዛበት በነበረው ሲኒማ ቤት የሮም ገበያተኛ በገዛ አፉ ሲሳደብና ሲሳሳቅ ተሰማ። ኋላ የመጣው ታላቅ ሥራ መሠረቱ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ በጁላይ 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወረደ፤ በሴፕቴምበርም ጀርመኖች ሮምን ያዙ፤ ዘጠኝ ወርም ገዟት። በማርች 3 ቀን 1944 ተሬዛ ጉላቼ የምትባል የአምስት ልጆች እናት፣ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ባሏን ለማየት ከታሰረበት የጦር ሰፈር ፊት በቆመችበት ጀርመናዊ ወታደር ተኩሶ ገደላት። በዚያው ወር በ24 ቀን ከከተማው ውጭ በአርዴያቲኔ ዋሻ 335 ሰዎች ተረሸኑ፤ ከእነርሱ መካከል ለተሳደዱት የሐሰት መታወቂያ ሲያስገኝ የነበረው ካህን ፒዬትሮ ፓፓጋሎ ነበረ። በኤፕሪልም አርበኞችን የረዳው ካህን ጁሴፔ ሞሮዚኒ በጥይት ተገደለ። በጁን 4 ቀን 1944 ከተማይቱ ነጻ ወጣች።

ሮሴሊኒ «ሮም፣ ክፍት ከተማ» የተባለውን ፊልም መቅረጽ የጀመረው በጃንዋሪ 1945 ነው፤ በሰሜን ጣልያን ጦርነቱ ገና አልቆመም ነበር። ቺኔቺታ በቦምብ ተመትቶ፣ የቀረውም ቤት አልባ ስደተኞች ሰፍረውበት ስለ ነበር ስቱዲዮ አልተገኘም። የቤት ውስጥ ክፍሎቹ በአቪኞኔዚ መንገድ በተከራዩት አዳራሽ ተቀረጹ፤ የቀረው በእውነተኛው ጎዳና ሆነ። የፊልም ጥቅልም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሮሴሊኒ ከሰርጆ አሚዴይና ከፌሊኒ ጋር ድርሰቱን ሲጽፍ የሁለቱን ካህናት ታሪክ በአንድ ካህን፣ በዶን ፒዬትሮ አዋሐደው፤ ለዚህም ሕዝቡን ሲያስቅ የኖረውን ፋብሪትሲን መረጠ። የተሬዛ ጉላቼ ሞት ፒና ለምትባለው ሴት መነሻ ሆነ፤ እርሷንም የተጫወተችው ማኛኒ ናት።

የፊልሙ ኃይል በአንድ ስፍራ ጎልቶ ይታያል። ጀርመኖችና ፋሽስቶች የሠራተኞችን ሕንፃ ከበው ሲፈትሹ ዶን ፒዬትሮ ለሚሞት ሽማግሌ ጸሎት ላድርስ ብሎ ይገባል፤ የመጣው ግን የተደበቀውን መሣሪያ ሊሰውር ነው። ጤነኛው ሽማግሌ አልተኛም ብሎ ቢያስቸግር በመጥበሻ ራሱን መትቶ ያስተኛዋል፤ ተመልካቹም ይስቃል፤ ሳቁን ያመጣው የቧልት መድረኩ ፋብሪትሲ ነውና። ሳቁ ሳያልቅ የፒናን እጮኛ በካሚዮን ጭነው ይወስዱታል። እርሷም ስሙን እየጮኸች ከወታደሮቹ እጅ አምልጣ በጎዳናው መሐል ስትሮጥ በጥይት ትወድቃለች፤ ልጇም ሬሳዋ ላይ ይደፋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይፈጸማል። ማኛኒ በዚህ ሩጫ ውበቷን ለካሜራ አላሰናዳችም፤ የተጨነቀች ሴት እንደምትሮጥ ሮጠች፣ እንደምትወድቅም ወደቀች። ከዚያ በኋላ በጣልያን ፊልም የሴት ትወና በዚህ ሲመዘን ኖረ።

ፊልሙ በሴፕቴምበር 1945 ለሕዝብ ታየ፤ በ1946 በካን ከሌሎች ፊልሞች ጋር ታላቁን ሽልማት ተካፈለ። ስለ አብራሪው ከተሠራው ፊልም እስከዚህ ፊልም መውጣት ድረስ ሰባት ዓመት ነው። ያን ጊዜ የወራሪውን ጀግንነት የጻፈው ብዕር አሁን በወራሪ እጅ የወደቀ ሕዝብ ምን እንደሚመስል አሳየ፤ ያሳየውም መከራው የገዛ ከተማውን በር ካንኳኳ በኋላ ነው።

ሮሴሊኒና ማኛኒ በሥራም በፍቅርም አንድ ሆነው እስከ 1948 ቆዩ። ከዚያ ሮሴሊኒ ከስዊድናዊቷ ኢንግሪድ በርግማን ጋር ሆነ፤ በ1949ም እርሱ በስትሮምቦሊ ደሴት ከበርግማን ጋር፣ ማኛኒ በአጠገቡ ባለው በቩልካኖ ደሴት ከሌላ አዘጋጅ ጋር፣ በአንድ ወቅት ሁለት ፊልም ሠሩ። ማኛኒ በአሜሪካ በተሠራው «የተነቀሰው ጽጌረዳ» በ1956 የኦስካርን ሽልማት አገኘች፤ በመሪ ተዋናይትነት ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጣልያናዊት እርሷ ናት። በ1962 በፓዞሊኒ «ማማ ሮማ» ከጎዳና ሕይወት ወጥታ ልጇን ሰው ለማድረግ የምትታገል እናት ሆነች። በሴፕቴምበር 1973 ስትሞት ሮሴሊኒ በአልጋዋ አጠገብ ነበረ፤ በመጀመሪያም የተቀበረችው በእርሱ ቤተሰብ መቃብር ነው። እርሱም በ1977 የካንን ዳኞች በሊቀመንበርነት መርቶ በተመለሰ በጥቂት ቀን በሮም አረፈ።

አልቤርቶ ሶርዲ በጁን 15 ቀን 1920 በትራስቴቬሬ ሰፈር ተወለደ፤ አባቱ በሮም ኦፔራ ኦርኬስትራ ቱባ ነፊ ነበር። ትወና ሊማር ወደ ሚላኖ ቢሄድ የሮም አነጋገሩን አልተውም ብሎ ተሰናበተ። በ1937 ግን የሎሬልና ሃርዲ ፊልሞች ወደ ጣልያንኛ ሲመለሱ የወፍራሙን የሃርዲን ድምፅ እንዲሰጥ በውድድር ተመረጠ። በሚላኖ እንደ ነውር የተቆጠረበት ያ አነጋገር ኋላ ሀብቱ ሆነ። በ1954 ሮማዊው ስቴኖ ባዘጋጀው «አሜሪካዊ በሮም» ሶርዲ አሜሪካን ሳያያት የሚያመልክ ጎረምሳ ሆነ፤ ማካሮኒውን ንቆ የአሜሪካ ምግብ ነው ያለውን ቢቀምስ አላስቻለውም፣ ወደ ማካሮኒው ተመልሶ አፉን ሞላ። ሶርዲ ሮማውያንን አላሞካሻቸውም፤ ፈሪውን፣ አስመሳዩን፣ ለአለቃ የሚያጎበድደውን ሁሉ አሳያቸው፤ እነርሱም ወደዱት። በ1959 በቬኒስ የወርቅ አንበሳውን የተካፈሉት ሁለት ፊልሞች አንዱ ሶርዲ የተጫወተበት «ታላቁ ጦርነት»፣ ሁለተኛው የሮሴሊኒ «ጄኔራል ዴላ ሮቬሬ» ነበሩ። ከ1966 ጀምሮ ሶርዲ ራሱም ፊልም አዘጋጀ። 80 ዓመት በሞላው ዕለት ለአንድ ቀን የሮም ከንቲባ ተደረገ፤ በፌብሩዋሪ 2003 ሲሞትም ቁጥሩ እጅግ የበዛ ሕዝብ በላተራኖ አደባባይ ተሰብስቦ ሸኘው።

ከሶርዲ ጋር በተደጋጋሚ የተጫወተችው ሞኒካ ቪቲ በ1931 በሮም ተወልዳ በአንቶኒዮኒ ፊልሞች በዝምተኛ ገጿ ታወቀች፤ ቀጥላም የሚያስቁ ፊልሞች ንግሥት ሆነች። ኤልዮ ፔትሪም በ1929 የተወለደ የከተማይቱ ልጅ ነው፤ ሰው ገድሎ በሥልጣኑ የማይጠረጠር የፖሊስ ሹም ታሪክ የሚያሳየው ፊልሙ በ1971 ኦስካር አግኝቷል።

በዚያው በ1929 ሰርጆ ሌዮኔ ተወለደ። አባቱ ቪንቼንዞ ድምፅ አልባ ፊልሞችን ሮቤርቶ ሮቤርቲ በሚል ስም ያዘጋጅ ነበር፤ እናቱም ተዋናይት ነበረች። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብሮት የተቀመጠው ልጅ ኤኒዮ ሞሪኮኔ፣ የኋላው የዜማ ደራሲ ነው። በ1948 በ«የብስክሌት ሌቦች» ከዝናብ ከሚጠለሉት ወጣት ካህናት መካከል ሌዮኔ ይታያል። በ1959 ያ ፋብሪትሲንና ማኛኒን በገበያው ያገናኘው ቦናርድ «የፖምፔ የመጨረሻ ቀናት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ታመመ፤ ጨርሶ ያስረከበው ረዳቱ ሌዮኔ ነው። በ1964 «ለእፍኝ ዶላር» ሲወጣ የአዘጋጁ ስም ቦብ ሮበርትሰን ተብሎ ተጻፈ፤ የአሜሪካ ፊልም እንዲመስል የተደረገ ነው፤ ሌዮኔ ግን በዚህ ስም የሮቤርቶ ልጅነቱን ጻፈ። በስፔን በረሃ በተቀረጸው በዚህ ፊልም ላይ ሁለቱ የትምህርት ቤት ጓደኞች ዳግመኛ ተገናኙ። «በአንድ ወቅት በምዕራብ» በ1968 ሲሠራ ሞሪኮኔ ሙዚቃውን አስቀድሞ ደርሶ ነበርና ተዋንያኑ እርሱን እየሰሙ ይራመዱ ነበር። በ1984 የወጣው የመጨረሻ ፊልሙ በአሜሪካ ከ229 ደቂቃ ወደ 139 ደቂቃ ተቆርጦ ታየ፤ ሌዮኔም ሌላ ፊልም ሳይሠራ በኤፕሪል 30 ቀን 1989 ሞተ።

ካርሎ ቬርዶኔ በ1950 በሮም ተወለደ፤ አባቱ ማሪዮ የፊልም መምህርና ሐያሲ ነበር። ሮሴሊኒ ይመራው በነበረው የፊልም ትምህርት ቤት ተምሮ በ1974 ተመረቀ። በቴሌቪዥን የልዩ ልዩ ሰዎችን ጠባይ ሲያሳይ ሌዮኔ አይቶት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞች፣ የ1980ውንና የ1981ዱን፣ በፕሮዲውሰርነት አሠራው፤ ሙዚቃውን ሞሪኮኔ ጻፈ። በሁለተኛው ፊልም ለአያትነት የተመረጠችው «ሶራ ሌላ» የምትባለው ኤሌና ፋብሪትሲ ናት፤ የአልዶ እህት፣ በቲበር ወንዝ ደሴት ላይ ባለ ምግብ ቤት እንግዳ የምታበላ ወጥ ሠሪ። ሶርዲም በ1982 ራሱ ባዘጋጀው ፊልም ቬርዶኔን እንደ ልጁ አድርጎ አብሮት ተጫወተ፤ በ1986 ደግሞ በቬርዶኔ አዘጋጅነት ሥር ተዋናይ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን ቬርዶኔ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ተቀበለ። አልዶ ፋብሪትሲ በ1990፣ እህቱ በ1993፣ ሞሪኮኔ በ2020፣ ቪቲ በ2022 አረፉ።

በ2023 ፓኦላ ኮርቴሌዚ፣ በ1973 በሮም የተወለደች ተዋናይት፣ «ገና ነገ አለ» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልሟን አዘጋጅታ መሪ ተዋናይትም ሆነች። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው፤ ታሪኩም በ1946 ባሏ የሚደበድባት ዴሊያ የምትባል የሮም ድሃ ሴት ሕይወት ነው። በቤቷ ጓሮ የሚሰማው ያው ፋብሪትሲና ማኛኒ ወደ ሲኒማ ያስገቡት አነጋገር ነው፤ ዴሊያ ግን እንደ ፒና በጎዳና ላይ አትወድቅም። በጁን መጀመሪያ፣ የጣልያን ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበት ቀን፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቷን ይዛ ከብዙ ሴቶች ጋር ትሰለፋለች። ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ቤት ገብቶ አይቶታል፤ በዚያ ዓመት በጣልያን ከታዩት ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛውን ገቢ ያገኘውም እርሱ ነው።