የብራናው ውግዘትና የደራሲው መብት

በአገራችን ገዳማትና አድባራት መጽሐፍ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ዘመን፣ ቁም ጸሐፊው የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና ካደረገ፣ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ካሰናዳ በኋላ፣ ወራት በፈጀ ድካም የፈጸመውን ሥራ ከሌባ የሚጠብቅለት ዳኛ ሳይሆን በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚያሰፍረው ቃለ ውግዘት ነበር፤ መጽሐፉን የሰረቀና ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተለየ ይሆን ዘንድ ይጽፍ ነበርና።

ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን ውግዘቱ የሚያጥረው ብራናውን እንጂ ቃሉን አይደለም። ዳዊቱን ወይም ተአምረ ማርያሙን ከሌላ ደብር ተውሶ መገልበጥ፣ በደል መባሉ ቀርቶ ለጸሐፊውም ለአጻፊውም የነፍስ ዋጋ ሆኖ ይቈጠር ነበር፤ ብዙዎች የገድላት ደራስያንም ስማቸውን ሳይገልጹ አልፈዋል። ከዚህ ተነሥተው አበው የድርሰትን ባለቤትነት ከቶ አያውቁም ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። በቅኔ ቤት ተማሪው በመምህሩ ፊት የሚያቀርበው ቅኔ ከገዛ ልቡናው የፈለቀ አዲስ ድርሰት እንዲሆን ግድ ነው፤ የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢዘርፍ ግን ነውሩ ጽኑ ነው። ቅኔ እንደ ብራና በእጅ የማይዳሰስ፣ በማኅደርም የማይቈለፍ ሲሆን፣ ባለቤት እንዳለው ግን ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሥርዓት ስፍራ ያልነበረው ከቃል የሚገኘው የገንዘብ ጥቅም ነው።

ይህንም ያመጣው ማተሚያ ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላምን የመሰለ ማተሚያ ቤት አንዱን ድርሰት አብዝቶ ለገበያ ማውጣት ሲችል፣ ውግዘት ብቻውን አልበቃም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ የድርሰትንና የኪነ ጥበብን ባለቤትነት ደነገገ። 

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሠራበት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ የደራሲውን የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከዕረፍቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ትምህርትን አያፍንም። ሰው ለግል ጥቅሙ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ እንዲያነሣ ይፈቅዳል፤ ይህ ፈቃድ ግን ወደ ሙሉው መጽሐፍ ወይም ወደ አብዛኛው ክፍሉ አይደርስም። መምህሩም ለማስተማሪያው የሚያስፈልገውን ያህል ሲያባዛ የደራሲውን ስምና ምንጩን ይገልጽ ዘንድ ግዴታ አለበት። እንግዲህ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆይ፣ ሙሉውን መጽሐፍ አባዝተህ ለጓደኞችህ ከማደልህ በፊት የደራሲውን ፈቃድ ጠይቅ፤ ጥቂት ገጽ ስታነሣም ስሙን ከላይ ጻፍለት።