ፍቀት፦ ከመሰረዝ ያለፈ ማጥፋት

የጥር ሰርግ ሲደርስ ጣና ዳር በሙሽሮችና በካሜራ ባለሙያዎች ይሞላል። ባለሙያው ፎቶውን ማታ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል፣ ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት ያደርጋል፣ በማግስቱ ሌላ ሙሽራ ያነሣበታል። ካሜራው ሲሸጥ ካርዱም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ገዢው ሲከፍተው ባዶ ነው። ፎቶሬክ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ቢያስነሣበት ግን የማያውቃቸው ሰዎች ፎቶ አንድ በአንድ እየወጣ ፎልደሩን ሊሞላው ይችላል። ፕሮግራሙ የፋይል ስም አይፈልግም። ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ የጄፔግ ፎቶ የሚጀምርበትን ምልክት፣ «ኤፍኤፍ ዲ8 ኤፍኤፍ» የሚለውን የባይት ተራ፣ ያስሳል። አዲስ ፎቶ ባልተጻፈበት የካርዱ ክፍል ላይ የድሮው እንዳለ ተቀምጧል።

ይህ የሚሆነው «ሰርዝ» የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን ስለማይነካው ነው። በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ላይ በተለመደው ፋት32 በተባለው አደረጃጀት አንድ ፋይል ሲሰረዝ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል «ኢ5» በሚባል ምልክት ይተካል፤ ፋይሉ የያዘው ቦታም «ነጻ» ተብሎ ይመዘገባል። ይኸው ነው። ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ፈጣኑ ፎርማትም ዝርዝሩን አዲስ ከማድረግ አያልፍም።

ይዘቱን ራሱን፣ ማንም መልሶ እንዳያገኘው አድርጎ ማጥፋት ሌላ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ዋይፒንግ ይሉታል፤ በመመሪያዎች ላይ ሳኒታይዜሽን የሚል ስምም አለው። በአማርኛ ቁርጥ ያለ ስም ስላልወጣለት በየሱቁ «ዲሊት አድርገው»፣ «ፎርማት አድርገው» ሲባል ሁለቱ ሥራዎች ይምታታሉ። «ማጽዳት» እንዳንል ቫይረስ ለማስወገድ እንጠቀምበታለን። እኔ ፍቀት የሚለውን እመርጣለሁ። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ሲሳሳት ቀለሙን በስለት ይፍቃል እንጂ አይሰርዝም፤ በብራና መጻሕፍታችንም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የገባበት ቦታ ብዙ ነው። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉ የመጻሕፍት ገዳማት ባሉበት በጣና አካባቢ ቃሉ ማስረዳት አያስፈልገውም። «ዲስኩ ተሰርዟል» እና «ዲስኩ ተፍቋል» ብለን ከለየን፣ የሚሸጥም የሚገዛም ምን እንደተደረገ ያውቃል።

ፍቀት የሚሠራው በላዩ በመጻፍ ነው። ፕሮግራሙ ከዲስኩ መጀመሪያ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ዜሮ ወይም ትርጉም የለሽ ቁጥር ይሞላል። ስንት ጊዜ? ፒተር ጉትማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ 35 ዙር የሚደርስ አሠራር ስላቀረበ ብዙ ሰው እስካሁን 35 ካልሆነ አይበቃም ይላል። ያ አሠራር በዘመኑ ለነበሩት የተለያዩ የዲስክ ዓይነቶች ሁሉ ታስቦ የወጣ ነው፤ ለአሁኖቹ እንደማያስፈልግ ራሱ ጉትማን በኋላ ጽፏል። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያም ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ዜሮ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚበቃ ተቀምጧል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሴኮንድ 120 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ ለአንድ ዙር ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስድበታል፤ 35 ዙር ግን ከሦስት ቀን ያልፋል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ፍቀቱ አልተጠናቀቀም ማለት ነውና በሙሉ ባትሪ ወይም በዩፒኤስ መሥራት ያሻል።

መሣሪያውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ፎርማት ሲደረግ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለው ሳጥን ላይ ያለው ምልክት ከተነሣ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ አንዲት ምልክት ማንሣት ብቻ ናትና። ኢንተርኔት የማይፈልግ መሆኑም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ነበር የሚዞረው። ዊንዶውስ ራሱ ያለበትን ዲስክ ለመፋቅ ደግሞ እንደ ዲባን ያለ ከፍላሽ የሚነሣ ፕሮግራም አለ፤ ሊኑክስ ለሚጠቀሙ «ሽሬድ» የሚለው ትእዛዝ ይገኛል።

የሚሽከረከር አካል በሌለው፣ ኤስኤስዲ በሚባለው ዲስክ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ኤስኤስዲ ሕዋሶቹ እኩል እንዲያረጁ ሲል አዲሱን ጽሑፍ በድሮው ላይ አያሳርፍም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ፋቅሁ ያሉት ፋይል ከነሙሉ ይዘቱ ሌላ ጥግ ላይ ሊቀር ይችላል። የሳን ዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ፈትነው አንድን ፋይል ነጥሎ ለመፋቅ የታሰቡት ዘዴዎች ኤስኤስዲ ላይ እንደማያስተማምኑ አሳይተዋል። ስለዚህ ለኤስኤስዲ መፍትሔው ሁለት ነው፤ ራሱ ዲስኩ ውስጥ የተሠራለትን «ሴኪዩር ኢሬዝ» የሚባል ትእዛዝ መስጠት፣ አለዚያም ከመጀመሪያው ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ መጠቀምና በመጨረሻ ቁልፉን ማጥፋት። ቁልፉ ከጠፋ የቀረው ሁሉ የማይነበብ ነው። የአብዛኞቹ አዳዲስ ስማርት ስልኮች ፋክተሪ ሪሴትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ስልኩ ውስጥ ያለውን ሚሞሪ ካርድ ግን ሳያወጡ መሸጥ ስህተት ነው። ካርድና ፍላሽን ሙሉ ፎርማት ከተራ ገዢ ይጠብቃቸዋል፤ ከባድ ምስጢር የያዘውን አለመሸጥ ይሻላል።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን፣ የመታወቂያና የዲግሪ ቅጂያቸውን ለማሳተም ፍላሻቸውን ለኅትመት ሱቅ ይሰጣሉ፤ ፋይሉም ብዙ ጊዜ የሱቁ ዴስክቶፕ ላይ ይቀራል። እዚያ ቆሞ «ሰርዝልኝ» ማለት ከምንም ይሻላል፣ ፍቀት ግን አይደለም። ፋይሉን ሳይገለብጡ ከፍላሹ ላይ ከፍቶ ማተም የተሻለ ነው።

የመሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሲምሰን ጋርፊንክልና አብሂ ሼላት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከሚሠሩት 129 ዲስኮች በትክክል ተፍቀው ያገኟቸው 12ቱን ብቻ ነው። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው ትልቅ የገንዘብ ተቋም የደንበኞች መረጃ ያለባቸው ዲስኮች ሳይፋቁ ለሽያጭ በመውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ዓላማው ካበቃ በኋላ እንዳይከማች ይጠይቃል፣ ባለ መረጃውም እንዲጠፋለት የመጠየቅ መብት አለው። ዝርዝሩ ብቻ ተሰርዞ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ከቀረ፣ ጠፋ ማለት አይቻልም።

አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ የሚያስወግድ መሥሪያ ቤት ንብረቱን በሞዴል 19 አስገብቶ በሞዴል 22 ያወጣል። ከወጪው ሰነድ ጋር አንድ ገጽ የፍቀት ማስረጃ ቢያያዝ ሥራው ይጠራል፤ የዲስኩ መለያ ቁጥር፣ የተፋቀበት መንገድ፣ ቀኑ፣ የፋቀውና የመረመረው ሰው ፊርማ። ከዚያ በፊት መቀመጥ ያለበት ሰነድ መቀዳቱ ይረጋገጥ፤ ፍቀት መመለሻ የለውም። ተበላሽቶ የማይነሣ ዲስክ ደግሞ ሊፋቅ አይችልም። እሱ ተፈቶ በውስጡ ያሉት ሳህኖች መሰባበር አለባቸው፣ ኤስኤስዲ ከሆነም ቺፖቹ፤ በማስረጃው ላይም «ተፍቋል» ሳይሆን «ተሰብሯል» ተብሎ ይጻፋል።