የአራዳ የጦርነት መታሰቢያዎችና የብስክሌት መንገድ

በአዲስ አበባ ከሚገኙ ነባር አካባቢዎች መካከል አራዳና ፒያሳ በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። አካባቢው የ1888 ዓ.ም የዓድዋ ድልን እንዲሁም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም የቆየውን የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ የሚዘክሩ መታሰቢያዎች ተቀራርበው የሚገኙበት ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ፣ በአፍንጮ በር፣ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ በኩል ዞሮ የሚመለስ ብስክሌተኛ ከአሥር ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ጉዞ አብዛኞቹን ለማየት ይችላል።

መታሰቢያዎቹ በአብዛኛው የቆሙት በአደባባዮች መካከል ወይም በዋና ዋና መንገዶች ዳር ነው። በዚህም ምክንያት ታሪካቸው ከከተማዋ የመንገድ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ መንገድን የሚመለከት ውሳኔ በተሰጠ ቁጥር ሕዝቡ መታሰቢያዎቹን የሚያይበትና የሚደርስበት ሁኔታም አብሮ ይወሰናል።

የጉዞው መነሻ

የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ የተመረቀው በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም ነው። በግንባታው ወቅት ሥፍራው "ዓድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር" በሚል መጠሪያ ይታወቅ ነበር። ስያሜው አራዳ ከመዲናዋ ወደ ልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ለሚወስዱ መንገዶች የርቀት መነሻ ተደርጎ ከመቆጠሩ ጋር የተያያዘ ነው።

በአቅራቢያው የሚገኘው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነበር። ወራሪው የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን ከቦታው ያስነሳ ሲሆን፣ አገሪቱ ነጻነቷን ስትቀዳጅ ወደ ሥፍራው ተመልሷል። ለዓድዋ ድል መታሰቢያነት የታነፀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ከአደባባዩ አጠገብ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ በወረራው ዘመን በእሳት ጉዳት ደርሶበት ነበር።

ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ የወረራው ዘመን ቅርስ ነው። ቃሉ በኢጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ሲሆን፣ የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ እንዲዛወር የተደረገውም በዚያው ዘመን ነው።

አቡነ ጴጥሮስ

ከምኒልክ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል። አቡነ ጴጥሮስ ወረራውን በማውገዛቸውና ለወራሪው አንገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆነዋል። ይህ የሆነው አርበኞች ዋና ከተማዋን መልሶ ለመያዝ ባደረጉት ሙከራ ማግስት ነበር።

ሐውልቱ ለቀላል ባቡር መስመር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም ከሥፍራው ተነስቶ በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልቱ በሚነሳበት ወቅት በኅብረተሰቡ ዘንድ ከፍተኛ ስጋት አድሮ እንደነበር ይታወሳል። ክንውኑ የትራንስፖርት ልማትና የቅርስ ጥበቃ አስቀድሞ በታሰበበት ዕቅድ ሊጣጣሙ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ከአፍንጮ በር እስከ አራት ኪሎ

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት በመሆኑ ብስክሌተኛው ከመነሳቱ በፊት የፍሬኑን ደህንነት ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከድልድዩ በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዳገት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ አየሩን ላልለመደ እንግዳ አጭር ዳገትም ቢሆን አድካሚ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ቀላል ማርሽ መጠቀምና ፍጥነትን መቀነስ ይመከራል።

በአፍንጮ በር የሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥላ ሥር ወደ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ጦር ይዘክራል። በዚያ ዘመቻ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰውተዋል።

በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም የተጀመረውን ጭፍጨፋ የሚዘክር ነው። በዕለቱ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ መወርወራቸውን ተከትሎ የኢጣሊያ ኃይሎች ለሦስት ቀናት በከተማዋ ነዋሪዎች ላይ የበቀል እርምጃ ወስደዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከድል በኋላ የሟቾቹ ቁጥር 30 ሺህ መሆኑን ያስታወቀ ሲሆን፣ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ቁጥሩን ወደ 19 ሺህ ገደማ አድርሰውታል። ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል።

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚያደርሰው መንገድ ወደታች ያዘነበለ ነው። በአራት ኪሎ የሚገኘው የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም ወደ መዲናዋ የገቡበትን ዕለት ያስታውሳል። ዕለቱ የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባን የያዘበት ቀን አምስተኛ ዓመት ነበር። በአቅራቢያው በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ የኢትዮጵያን ነጻነት በብዕራቸው የተሟገቱት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት አርፈዋል።

ከአራዳ ወደ ጦር ሜዳዎቹ

በአራዳ የሚዘከሩት ዋና ዋና ውጊያዎች የተካሄዱት ከመዲናዋ በስተሰሜን በሚገኙ ገጠሮች ነው። በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደሴ አድርጎ ወደ ዓድዋ የሚወስደው መንገድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መንገዱ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ውጊያ በተካሄደበት በማይጨው በኩል ያልፋል። ከዚያም ወደ አምባላጌ ያመራል። አምባላጌ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም የኢጣሊያ ጦር የተሸነፈበት፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም ደግሞ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠበት ተራራ ነው።

የጉዞ ዓድዋ ተጓዦች ከ2006 ዓ.ም አንስቶ በተከታታይ ዓመታት ከአዲስ አበባ ተነስተው በእግራቸው ወደ ዓድዋ መዝለቃቸው መስመሩ ለታሪክ ጉዞ አመቺ መሆኑን አመላክቷል። ይሁንና አካባቢው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በተካሄደው ጦርነት የተጎዳ በመሆኑ በመንገዱ ዳር የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች የቅርብ ሐዘን እንዳለባቸው መዘንጋት አይገባም። በመስመሩ የሚጓዝ ሰው የጸጥታ ሁኔታን አስቀድሞ ማጣራትና የነዋሪውን ስሜት ማክበር ይጠበቅበታል።

በውጭው ዓለም ብስክሌትንና የጦር ሜዳን ያያያዙ ውድድሮች ቀደም ብለው ተጀምረዋል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ እ.ኤ.አ በ1919፣ በፈረንሳይና በቤልጂየም የጦር ሜዳዎች ዙሪያ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የሰባት ዙር ውድድር ተካሂዷል። ተወዳዳሪዎቹ ያለፉት ገና ባልተጠገኑ መንገዶችና በፈራረሱ መንደሮች መካከል ነበር።

ኢትዮጵያም በብስክሌት ስፖርት የቆየ ታሪክ አላት። አገሪቱ በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ገረመው ደንቦባን ጨምሮ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በበኩሉ በ2008 ዓ.ም በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

በዕቅድ ሊታሰቡ የሚገባቸው ጉዳዮች

አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ያላት ሲሆን፣ አገር አቀፉ ስትራቴጂ ደግሞ በ2012 ዓ.ም ይፋ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት የአራት ኪሎና ፒያሳ መስመር ሲታደስ የብስክሌት መንገድና ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተካተዋል።

በዚሁ ሥራ በፒያሳ በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። የአካባቢውን ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ያስተላልፍ የነበረው ጉርብትና በመበተኑ፣ ለመጪው ትውልድ ታሪኩን የመንገር ኃላፊነት ከቀድሞው ይልቅ በመታሰቢያዎቹ ላይ ወድቋል። መታሰቢያዎቹ ይህን ኃላፊነት ሊወጡ የሚችሉት ደግሞ ሰው ሊደርስባቸው ሲችል ነው።

በተሽከርካሪ የተከበበ አደባባይ መካከል የቆመ ሐውልት በዓመት አንድ ቀን የአበባ ጉንጉን ይኖርለት እንጂ በቀሩት ዕለታት ዞረውት ከማለፍ በስተቀር ቀርቦ ለማንበብ አዳጋች ነው። በመሆኑም የብስክሌት መንገዶች ሲዘረጉ ወደ ሐውልቶቹ የሚያደርሱ መሻገሪያዎች፣ ብስክሌት ማቆሚያ ሥፍራዎችና የታሪክ መግለጫ ሰሌዳዎች አብረው ቢታሰቡ የጎላ ጠቀሜታ ይኖራቸዋል። ለዚህም የትራንስፖርት፣ የባህልና የቱሪዝም እንዲሁም የትምህርት መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን ማቀናጀት ይጠበቅባቸዋል። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በብስክሌት የሚወርድ ተማሪ ቆም ብሎ የየካቲት 12 ሰማዕታትን ታሪክ ማንበብ ሲችል፣ መንገዱ ከትራንስፖርት አገልግሎት ባሻገር ታሪክን ለተተኪው ትውልድ የማስተላለፍ ድርሻም ይኖረዋል።