ከባሕር የወጣው አውሬና የሲኒማ ብልሃት

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ማንሣታችን ስለ ለቅሶ ለመናገር ሳይሆን ስለ ሲኒማ፣ ይልቁንም ግዙፍ አውሬዎችና የሚፈርሱ ከተሞች ስለሚታዩባቸው ፊልሞች ጥቂት ለማተት ብለን ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም የሚመረምሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «አውሬው እውነተኛ ይመስላልን?» የሚል ነው። እኛም በ1954 ዓ.ም. በጃፓን የተሠራውንና በአገሩ «ጎጂራ»፣ በሌላው ዓለም «ጎድዚላ» የሚባለውን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ከባልንጀሮቻችን ጋር ባየን ጊዜ፣ በላስቲክ ልብስ ውስጥ የሚንገዳገደውን ሰው ለይተን ስቀንበት ነበር። ሳቃችን ግን እስከ ፍጻሜው አልዘለቀም። ስለ ምን እንዳልዘለቀ ለማስረዳት ታሪኩን ከመሠረቱ እንጀምራለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓይን ማታለል ከሲኒማ ጋር አብሮ ያደገ ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልዬስ በ1902 ሰዎችን ወደ ጨረቃ የላከው በሥዕል መጋረጃና በካሜራ ብልሃት ነበር። በ1933 ደግሞ አሜሪካዊው ዊሊስ ኦብራየን «ኪንግ ኮንግ» ለተባለው ፊልም ትንንሽ አሻንጉሊቶችን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ፣ በየእንቅስቃሴውም አንዳንድ ሥዕል እያነሣ፣ ታላቅ ዝንጀሮ በኒው ዮርክ ሕንፃ ላይ ሲወጣ አሳየ። በድምፅ ፊልም ለአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎች ስለሚያስፈልጉ፣ ይህ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ሊገምት ይችላል። ያን ፊልም አይተው ከተደነቁት መካከል አንዱ ጃፓናዊው የካሜራ ባለሙያ ኤይጂ ትሱቡራያ ነበር።

ትሱቡራያ ጥበቡን ያስመሰከረው አስቀድሞ በጦርነቱ ዘመን ነው። በ1942 የጃፓን ባሕር ኀይል በፐርል ሃርበር ላይ የጣለውን አደጋ የሚያሳይ ፊልም ሲዘጋጅ፣ ወደቡንና መርከቦቹን በትንንሽ ምስል ሠርቶ አቅርቧል። ያ ሥራ ድልን ለማወደስ የተሠራ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ያው እጅ የጥፋትን መራራነት የሚያሳይ ሥራ እንዲሠራ ያደረገው ምን ነበር?

በመጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች አንድ የሃይድሮጂን ቦምብ ፈተነች። ኀይሉ 15 ሜጋቶን፣ ማለትም በሂሮሺማ ላይ ከተጣለው አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ 23 ሠራተኞች የያዘች አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ፣ ክልክል ከተባለው ቀበሌ ውጭ ሳለች፣ ነጭ አመድ ዘነበባት። ሠራተኞቹ ሁሉ በጨረር ታመሙ፤ የራዲዮ ሠራተኛዋም በመስከረም 23 ቀን ሞተ። ከዚያ ባሕር የተጠመደው ዓሣ ሲመረመር ጨረር ስለ ተገኘበት፣ ሕዝቡ የዕለት ምግቡን እስከ መፍራት ደረሰ። «ጎጂራ» ለሕዝብ የቀረበው ራዲዮ ሠራተኛው ከሞተ ስድስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በኅዳር 3 ቀን ነበር።

አዘጋጁ ኢሺሮ ሆንዳ በቻይና ጦር ሜዳ የቆየ ወታደር ሲሆን፣ ወደ አገሩ ሲመለስ በሂሮሺማ ፍርስራሽ በኩል ያለፈ ሰው ነው። ትሱቡራያ አውሬውን እንደ ኦብራየን በአሻንጉሊት ሊሠራው ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜና ገንዘብ ስላልፈቀዱ ሰው ልብስ ለብሶ እንዲጫወተው ተደረገ። የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበርና፣ ተዋናዩ ሃሩዎ ናካጂማ በውስጡ በጭንቅ ይራመድ ነበር። የቶኪዮ ሕንፃዎች ከእውነተኛው መጠን በ25 እጅ አንሰው ተሠሩ። ካሜራው በፍጥነት እየተሽከረከረ ስላነሣም፣ ፊልሙ ሲታይ የአውሬው እርምጃ ዝግተኛና ከባድ ሆነ። ጩኸቱን ደግሞ የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ፣ ኮንትራባስ የተባለውን ትልቅ መሣሪያ አውታር አላልቶ፣ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት በማስፈተግ አገኘው።

እንግዲህ የእኛን ሳቅ ያስቆመው ይህ ብልሃት አልነበረም። ከተማው ከነደደ በኋላ ፊልሙ ወደ ሐኪም ቤት ይገባል። ቁስለኞች በወለል ላይ ተረፍርፈዋል፤ አንድ ሐኪም የጨረር መለኪያውን ወደ ሕፃን አስጠግቶ ራሱን በሐዘን ይነቀንቃል። ከዚያ አስቀድሞም አንዲት እናት ልጆቿን በጉያዋ አቅፋ፣ «አሁን ወደ አባታችሁ እንሄዳለን» ትላቸዋለች። ይህን ያዩት የቶኪዮ ተመልካቾች ከተማቸው በእሳት ስትነድ ካዩ ገና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በመጨረሻ አውሬውን የሚገድል መሣሪያ የፈለሰፈው ሊቅ፣ ሌሎች ለክፋት እንዳያውሉት ጽሑፉን አቃጥሎ፣ ራሱም ከአውሬው ጋር በባሕር ውስጥ ይሞታል። ድሉ እልልታ የለበትም።

ብልሃት ያለ ሐሳብ ምን እንደሚሆን ለማወቅ በ1956 ለአሜሪካ ተመልካች የተዘጋጀውን ቅጂ መመልከት ይበቃል። ሬይመንድ በር የተባለው ተዋናይ እንደ ጋዜጠኛ ሆኖ ተጨመረ፤ ከናጋሳኪ ተርፋ ስለ መምጣቷ የምትናገረው ሴት ቃልና፣ የቦምቡ ፈተና ከቀጠለ ሌላ አውሬ እንደሚወጣ የሚያስጠነቅቀው የመጨረሻ ንግግር ግን ወጡ። አውሬው ያው ነው፤ የሚፈርሰውም ከተማ ያው ነው። የቀረው ምክንያቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በተከታዮቹ ፊልሞች አውሬው ቀስ በቀስ የልጆች ጨዋታ ሆኖ፣ ከሌሎች አውሬዎች ጋር የሚታገል ጀግና እስከ መሆን ደረሰ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ2023 ታካሺ ያማዛኪ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» የተባለውን ፊልም አቀረበ፤ ይህም ራሱን እንዲሠዋ ታዝዞ ከሞት የሸሸ አንድ አብራሪ፣ በጦርነቱ ማግስት ከኅሊናው ጋር ሲታገል የሚያሳይ ነው። ፊልሙ በ2024 በዓይን ማታለል ጥበብ የአሜሪካን የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ፣ ከተፎካካሪዎቹ መካከል ብዙ እጥፍ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ነበሩ። ዛሬ ልብሱን ኮምፒዩተር ተክቶታል፤ ይሁንና ተመልካቹን የያዘው የአብራሪው ኀፍረት ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፊልም የሚመረምር ሰው፣ አውሬው እውነተኛ መምሰሉን ከጠየቀ በኋላ፣ አውሬው የማንን ሐዘን ተሸክሞ እንደ መጣ ደግሞ ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን። ብልሃት ያረጃል፤ የትናንቱ ድንቅ ለዛሬው ልጅ መሳቂያ ይሆናል። እኛ የሳቅንበት ላስቲክ ግን በውስጡ የ23 ዓሣ አጥማጆችን አመድ ይዞ ነበር፤ ይህንንም ካወቅን ወዲህ ፊልሙን ደግመን ስናየው አልሳቅንም።