አሽሙር ያልገባው ማን ነው?

ሁለት አሻንጉሊቶች፣ አንድ ቅርጫት፣ አንድ ሳጥንና አንዲት ብይ። ለንደን ይሠሩ የነበሩት ሳይመን ባረን-ኮኸን፣ አለን ሌዝሊና ኡታ ፍሪዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ላሳተሙት ጥናት ከዚህ የበለጠ ብዙ ዕቃ አላስፈለጋቸውም። ሳሊ የተባለችው አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። አን ደግሞ ሳሊ በሌለችበት ብይዋን ወደ ሳጥኑ ታዛውራለች። ሳሊ ስትመለስ ብይዋን የት ትፈልጋለች? ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ብይዋ በእርግጥ ያለችበትን ሳጥን አመለከቱ። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው 14 ልጆች 12ቱ፣ ሁለቱም ከሌሉባቸው 27 ሕፃናት ደግሞ 23ቱ ቅርጫቱን ጠቆሙ፤ ሳሊ የምታውቀውን እነሱ ካዩት ለይተዋል።

ከዚህ ውጤት አንድ ትልቅ ድምዳሜ ተወለደ፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላውን ሐሳብና ፍላጎት መገመት አይችልም የሚል። ባረን-ኮኸን በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ «የአእምሮ ዕውርነት» አለው። ፈተናውን ያለፉት 4 ልጆች በዚህ ስም ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ፍራንቼስካ ሃፔ በ1995 ያቀረበችው ትንታኔ ነገሩን ወደ ቋንቋ መለሰው። ሌሎች ልጆች የ4 ዓመት ልጅ የቋንቋ ችሎታ ሲኖራቸው እንዲህ ያለውን ፈተና የማለፍም የመውደቅም እኩል ዕድል አላቸው፤ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ግን እዚያ ለመድረስ የ9 ዓመት ልጅ ያህል ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል። ይዘገያሉ እንጂ በሩ አልተዘጋባቸውም።

ከዚያ በፊት፣ በ1994፣ ሃፔ ራሷ ከበድ ያለ ፈተና አዘጋጅታ ነበር። ስላቅን፣ ማስመሰልንና ለሰው ደስታ ሲባል የሚነገር ውሸትን የያዙ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። በአንዱ ታሪክ አንዲት ልጅ ለገና ጥንቸል ስትመኝ መጻሕፍት ይሰጧታል፤ ለወላጆቿ ግን የፈለገችው ይህንኑ እንደሆነ ትነግራቸዋለች። ለምን? ከመላሾቹ መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ስለ ልጅቷ ሐሳብና ስሜት ጨርሶ ዝም አላሉም። የሰጡት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም ነበር። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ መካድ አያስፈልግም። «አሁን በላሁ» የሚል እንግዳ ሦስቴ ተለምኖ የሚጎርስበት አገር ላይ ይሉኝታን አለማንበብ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም።

ጥያቄው ግን ለዓመታት የተጠየቀው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ዴሚየን ሚልተን፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት፣ በ2012 ባሳተመው ጽሑፍ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ሌላውን ለማንበብ እንደሚቸገሩ ሁሉ ሌላውም እነሱን ማንበብ ይሳነዋል።

ይህ የሚፈተን ሐሳብ ነው፤ ተፈትኗልም። ሮዛና ኤዲና ባልደረቦቿ በ2016 ባወጡት ጥናት ተሳታፊዎች ትሪያንግሎችን እያንቀሳቀሱ ማሾፍን፣ ማባበልንና የመሳሰሉትን እንዲያሳዩ አደረጉ። ኦቲዝም የሌለባቸው ተመልካቾች የመሰሎቻቸውን ትዕይንት ሲረዱ፣ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች የተሠራውን ለመተርጎም ይበልጥ ተቸገሩ። «ዕውርነት» የሚለው ቃል ተገቢ ከሆነ ለእነዚህም ሊሰጥ ነው።

የካትሪን ክሮምፕተን ሥራ ደግሞ ጥንቃቄ ያስተምራል። በ2020 በታተመው ጥናት 72 ሰዎች ስምንት ስምንት ሆነው አንድን ታሪክ ከአፍ ወደ ጆሮ አስተላለፉ። ሁሉም ኦቲዝም ያለባቸው የሆኑበት ሰንሰለት፣ ኦቲዝም ከሌለባቸው ሰዎች ሰንሰለት እኩል ታሪኩን ጠበቀ። ብዙ ዝርዝር የጠፋው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ነው። በ2025 በ311 ሰዎች ሲደገም ግን በሦስቱ መካከል ልዩነት አልታየም። የሚልተንን ሐሳብ በዚህ ፈተና ብቻ ማጽደቅ አይቻልም ማለት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች መረጃ ማስተላለፍ ይሳናቸዋል የሚለውን ግን ሁለቱም ጥናቶች አይደግፉም።

እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ኦቲዝም ያለበት ልጅ አሽሙር እስኪገባው ድረስ ብቻ አይጠብቁ። «ቤቱ አልሞቀም?» ከማለት «መስኮቱን ክፈተው» ይበሉት፤ እሱም የፈለገውን ሲናገር የተናገረውን ብቻ ይስሙት።